ጂኑ ሳይነካ ፕሮቲኑ ለምን ይዛባል? ስለ መርሳት በሽታና ስለ አር ኤን ኤ ስፕላይሲንግ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ የባዮሎጂ መምህር የቀረበ ነው፦ «ለተማሪዎቼ ‹ዲ ኤን ኤው ካልተለወጠ ፕሮቲኑም አይለወጥም› እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በቅርቡ ግን የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ የስፕላይሲንግ ስህተት ብልሹ ፕሮቲን እንደሚፈጥር አነበብኩ። ጂኑ ደህና ሆኖ ፕሮቲኑ እንዴት ይበላሻል? የማስተርስ ተማሪ ይህን በአገራችን ላብራቶሪ ሊለካው ይችላል? ጃጅተዋል ለምንላቸው አዛውንትስ እንዲህ ያለ ምርመራ አለ?»

መምህር፣ ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ከጥያቄዎ አንድ ሐረግ ላርም። «ስህተቱ ብልሹ ፕሮቲን ይፈጥራል» የሚለው ከፊሉን ብቻ ይነግራል። በመርሳት በሽታ በደንብ ከተጠኑት የስፕላይሲንግ ስህተቶች አብዛኞቹ እንግዳ ፕሮቲን አይወልዱም። አንዱ ዓይነት ስህተት ሁለት ጤናማ የፕሮቲን ቅርጾች ሊኖራቸው የሚገባውን ሚዛን ያዛባል። ሌላው ደግሞ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ጭራሽ ያጠፋዋል። ይህን ልዩነት ያልያዘ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥም የሌለ ነገር ሲፈልግ ይከርማል።

መሠረቱን እርስዎ ስለሚያስተምሩት በአጭሩ ልለፈው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጂን ወደ አር ኤን ኤ ሲገለበጥ ተፈላጊዎቹ ኤክሶኖችና በመካከላቸው ያሉት ኢንትሮኖች አብረው ይገለበጣሉ። ስፕላይሶዞም የሚባለው የፕሮቲኖችና የትንንሽ አር ኤን ኤዎች ስብስብ ኢንትሮኑን ከመነሻው «ጂ-ዩ» እስከ መድረሻው «ኤ-ጂ» ቆርጦ ያወጣና ኤክሶኖቹን ያገጣጥማቸዋል፤ ስፕላይሲንግ የሚባለው ይህ ነው። ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ ጂኖች እንዲህ የተቆራረጡ መሆናቸውን በ1977 አሳይተው በ1993 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከምልክቶቹ ማጠር ነው። አንድ የሰው ኤክሶን በአማካይ 150 ፊደል (ኑክሊዮታይድ) ገደማ ሲሆን ኢንትሮን ግን በሺዎች ይቆጠራል። በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ «ጂ-ዩ»ም ሆነ «ኤ-ጂ» በአጋጣሚ በመቶ ጊዜያት ይገኛሉ። ስፕላይሶዞሙ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው በዙሪያው ባሉ ተጨማሪ ፊደላት፣ አር ኤን ኤው በሚታጠፍበት ቅርጽና አር ኤን ኤው ላይ ተቀምጠው በሚጠብቁ ፕሮቲኖች ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲናድ ፕሮቲኑን የሚጽፉት ፊደላት ሳይነኩ ንባቡ ሊለወጥ ይችላል፤ የተናዱት ጠባቂዎቹ ፕሮቲኖች ከሆኑ ደግሞ ጂኑ ጭራሽ ሳይነካ።

ጎጃም ላይ ለሚያስተምር ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የቅኔ ተማሪ አንዱን ቃል አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ ወይም ከሌላ ቦታ ቆርጦ ሲያነበው ሰሙና ወርቁ ይለያያሉ፤ ብራናው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ በሰሌዳ ላይ ያሳዩልኝ፤ ያለ እሱ ቀሪው አይገባም። ፕሮቲን የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየተቆጠረ ነው። «ገበሬ ጤፉን አረመ» የሚለው ሐረግ እያንዳንዱ ቃል ሦስት ፊደል ስላለው ይመቻል። «ጤፉን» ሙሉ በሙሉ ቢወጣ «ገበሬ አረመ» ይቀራል፤ አጠረ እንጂ ትርጉም አለው። ከ«ገበሬ» ላይ «በ»ን ብቻ ብናወጣና ሦስት ሦስት እየቆጠርን ብናነብ ግን «ገሬጤ ፉንአ ረመ» ይሆናል። ርዝመቱ ለ3 የሚካፈል ኤክሶን ሲዘለል ወይም ሲገባ የመጀመሪያው ይደርሳል፤ የማይካፈል ከሆነ ሁለተኛው። በሁለተኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የማቆሚያ ምልክት ካለቦታው ይመጣል። ይህ ምልክት ከመጨረሻው የኤክሶን መጋጠሚያ ከ50 እስከ 55 ፊደል ከሚደርስ ርቀት በላይ ቀድሞ ከተገኘ ሕዋሱ መልእክቱን (የተገጣጠመውን አር ኤን ኤ) ይሰባብረዋል። ፕሮቲኑ ሳይበላሽ በፊት ይጠፋል ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ዋናው ምሳሌ ታው ነው። ታው በነርቭ ሕዋስ ጅራት ውስጥ ያሉትን ማይክሮቱቡል የተባሉ ቱቦዎች አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ የሣር ቤት ማገር በልጥ እንደሚታሰር ማለት ነው። ጂኑ ኤምኤፒቲ ይባላል፣ በክሮሞዞም 17 ላይ ይገኛል። በአዋቂ ሰው አንጎል ከዚህ አንድ ጂን ስድስት ዓይነት ታው ይወጣል፤ አጭሩ 352፣ ረጅሙ 441 አሚኖ አሲድ አለው። ለእኛ ጉዳይ ወሳኙ ኤክሶን 10 ነው። ርዝመቱ 93 ፊደል ነው፤ ለ3 ሲካፈል 31 አሚኖ አሲድ ይሰጣል፣ ስለዚህ ቢገባም ቢዘለልም ንባቡ አይፈርስም። ከገባ ታው ባለ አራት ቋጠሮ ልጥ ይሆናል፣ ከተዘለለ ባለ ሦስት ቋጠሮ። በጤናማ የአዋቂ አንጎል ሁለቱ ገደማ እኩል ናቸው። በፅንስ አንጎል ውስጥ ባለ ሦስቱ ብቻ አለ።

ይህን እኩልነት የሚጠብቀው ስስ ነገር ነው። ኤክሶን 10 አብቅቶ ኢንትሮኑ ሲጀምር ያለው አር ኤን ኤ በራሱ ላይ ታጥፎ ይጣበቃል። ኢንትሮኑ የት እንደሚጀምር የሚለየው ዩ1 የተባለው የስፕላይሶዞም ክፍል የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ስለሆነ እጥፋቱ በከፊል ይከልለዋል። በመከለሉም ኤክሶን 10 ግማሽ ጊዜ ይገባል፣ ግማሽ ጊዜ ይታለፋል። በ1998 ታውን ከፊትና ከጎን አንጎል መመንመን (ከመርሳት በሽታ አንዱ ዓይነት) ጋር ያገናኙ ሚውቴሽኖች፣ ማለትም የዲ ኤን ኤ ፊደል ለውጦች፣ ሲገኙ ከእነሱ ውስጥ የተወሰኑት በዚሁ እጥፋት ላይ ነበሩ። በኢንትሮኑ 3ኛ፣ 14ኛና 16ኛ ፊደል ላይ ያሉ ለውጦች እጥፋቱን ያላሉታል፣ ዩ1 በቀላሉ ያርፋል፣ ባለ አራት ቋጠሮው ታው ይበዛል። የ16ኛው ፊደል ለውጥ በተለይ ከዌልስ በመነጩ ቤተሰቦች ይታወቃል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ለውጦች ኢንትሮን ውስጥ ስለሆኑ አንድም አሚኖ አሲድ አይቀይሩም። የበሽተኛው ታው በፊደሉ ከጤነኛው ታው አይለይም፤ የተዛባው ቁጥሩ ነው። ተማሪዎችዎ «የፕሮቲን ፊደል ካልተለወጠ በሽታ የለም» ብለው እንዳይደመድሙ ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ቁጥር መዛባቱ ለምን ይጎዳል? ከቱቦው የተረፈው ታው ተንሳፍፎ ይቀራል። በኤክሶን 10 የሚጻፈው ክፍል ውስጥ ደግሞ እርስ በርስ የመጣበቅ ጠባይ ያለው የስድስት አሚኖ አሲድ ሰንሰለት አለ፤ የሚመሳሰለው ሌላ ሰንሰለት ከእሱ በኋላ ባለው ቋጠሮ ውስጥ ይገኛል። ባለ አራቱ ሁለቱንም ይዟል፣ ባለ ሦስቱ አንዱን ብቻ። ይህ ግን ሙሉ ማብራሪያ አይሆንም፤ ፒክ በሚባለው በሽታ የሚከማቸው ባለ ሦስቱ ነውና። በፕሮግረሲቭ ሱፕራኑክሌር ፖልሲና በኮርቲኮቤዛል በሽታ ባለ አራቱ ይከማቻል፤ በአልዛይመር ሁለቱም አብረው። ከዚህ የሚመጣ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የተከማቸው ባለ አራት ስለሆነ ብቻ ስፕላይሲንጉ ተዛብቷል ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም። ፕሮቲን የሚከማቸው ብዙ ስለተሠራ ብቻ ሳይሆን በአግባቡ ስላልተወገደም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የአር ኤን ኤውን መጠን ራሱን መለካት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ ይገርማል። ዋናው ተዋናይ ቲዲፒ-43 የተባለ 414 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ነው። ሥራው በኒውክሊየስ ውስጥ «ዩ-ጂ» ደጋግሞ በሚገኝበት የአር ኤን ኤ ክፍል ላይ ተቀምጦ ሐሰተኛ ኤክሶኖች እንዳይገቡ መከላከል ነው። ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮ ከማሳ የሚመልስ ልጅ ብለው ለተማሪ ቢነግሩት ይገባዋል። በ2006 ይህ ፕሮቲን በኤኤልኤስ (እንቅስቃሴን የሚመሩ ነርቮችን በሚገድለው በሽታ) እና ከፊትና ከጎን አንጎል መመንመን ወገን በግማሽ ያህሉ ውስጥ የሚከማቸው ጓል መሆኑ ታወቀ። ጓሉ ያለበት ሕዋስ ሲታይ ኒውክሊየሱ ውስጥ ቲዲፒ-43 የለም። ልጁ ከማማው ወርዷል።

ከዚያ የሚሆነው በ2015 ተገለጸ፦ ለወትሮው በኢንትሮን ውስጥ ተደብቀው የሚቀሩ ቁርጥራጮች ኤክሶን መስለው ወደ መልእክቱ ይገባሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ይጠቀሳሉ። ስታትሚን-2 የተጎዳ የነርቭ ጅራት እንዲያገግም የሚያስፈልግ ፕሮቲን ነው፤ በመጀመሪያው ኢንትሮኑ ያለ ስውር ኤክሶን ሲገባ መልእክቱ እዚያው ያልቃል፣ ሙሉ ፕሮቲን አይሠራም። ዩኤንሲ13ኤ ደግሞ ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያስተላልፉትን ከረጢቶች ያዘጋጃል። በ20ኛውና በ21ኛው ኤክሶን መካከል 128 ፊደል ያለው ስውር ኤክሶን ሲገባበት (128 ለ3 አይካፈልም፤ «ገሬጤ ፉንአ»ን ያስታውሱ) መልእክቱ ይሰባበራል። በዚሁ ቦታ ብዙ ጤነኛ ሰው የሚሸከመው የፊደል ልዩነት አለ፤ ብቻውን በሽታ አያመጣም፣ ቲዲፒ-43 ሲጠፋ ግን ስውሩ ኤክሶን እንዲገባ መንገዱን ያመቻቻል። በ2009 ይህ ጂን ከኤኤልኤስ ጋር ሲያያዝ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር፤ የተፈታው በ2022 ነው።

ቲዲፒ-43 የራሱንም መልእክት መጠን ይቆጣጠራል፤ ሲበዛ ያስቀንሰዋል። ከኒውክሊየስ ሲወጣ ይህ ቁጥጥር ይላላል፣ ሕዋሱ ጨምሮ ይሠራል፣ ጓሉ የበለጠ ይመገባል። ለዚህ ነው በሽታው ከተጀመረ ወዲያ ራሱን የሚገፋው።

ከላይ ያረምኩት ሐረግም የሚሠራበት ቦታ አለው። ኤችዲጂኤፍኤል2 በሚባል ጂን ላይ የሚገባው ስውር ኤክሶን ንባቡን ስለማያፈርስ በእርግጥ እንግዳ ቁራጭ የያዘ ፕሮቲን ይሠራል። በ2024 ይህ ቁራጭ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ሊለካ መቻሉ ታይቷል፤ ሕያው ሰው ላይ የቲዲፒ-43ን መጥፋት ለማወቅ ከሚጠበቁት መንገዶች አንዱ ነው። በቤተሰብ በሚወርድ አልዛይመር ውስጥም ፕሬሴኒሊን-1 የተባለው ጂን ኤክሶን 9 የሚዘለልባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ንባቡ አይፈርስም፣ አንድ አሚኖ አሲድ መጋጠሚያው ላይ ይለወጣል፣ በሽታው ይመጣል። በተቃራኒው ፕሮግራኑሊን በሚባለው ጂን የስፕላይስ ቦታ ለውጦች ከሁለቱ ቅጂዎች የአንዱን መልእክት ያስጠፋሉ፤ የጎደለው ፕሮግራኑሊን ሆኖ ሳለ የሚከማቸው ቲዲፒ-43 ነው። በቤተሰብ በማይወርደው ተራ አልዛይመር ውስጥ በ2013 የዩ1 አካል የሆነው ዩ1-70ኬ ራሱ ተጓጉሎ መገኘቱ ተዘግቧል። ማሽኑ ራሱ ታመመ የሚያሰኝ ግኝት ነው፤ እኔ ግን መነሻ ነው ወይስ ተከትሎ የመጣ የሚለው እስኪለይ ድረስ ለተማሪ እንደ ምክንያት አድርጌ አላስተምረውም።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ምክሬ፣ ተማሪው ከደም ናሙና አይጀምር። ስታትሚን-2 በነርቭ ሕዋስ ውስጥ የሚሠራ ነው፣ ታውም በደም ሕዋስ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። በደም ውስጥ ስውር ኤክሶን አለመገኘቱ ምንም አያሳይም። በአይጥ መጀመርም ወጥመድ አለው፦ ያደገ አይጥ አንጎል ከሞላ ጎደል ባለ አራት ታው ብቻ ነው ያለው፣ የስታትሚን-2 ስውር ኤክሶንም በአይጥ ጂን ውስጥ የለም። ስለዚህ የሚያዋጡት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአር ኤን ኤ ሲኩዌንሲንግ (ፊደል በፊደል የማንበብ) ዳታ በኮምፒውተር መተንተን፣ ወይም በሕዋስ ላይ ሚኒጂን መሥራት።

ሚኒጂን ማለት ኤክሶን 10ን በሁለቱም ወገን ካሉት የኢንትሮን ጥቂት መቶ ፊደላትና ከኤክሶን 9 እና 11 ጋር በፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲ ኤን ኤ) ላይ አስቀምጦ ሕዋስ ውስጥ ማስገባት ነው። ጤናማውንና የ16ኛው ፊደል ለውጥ ያለበትን ጎን ለጎን ያስኬዳል። የሁለቱ ልዩነት በተመሳሳይ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ይነጻጸር፤ የኩላሊት ሕዋስን ውጤት ከነርቭ ሕዋስ ውጤት ጋር ማወዳደር አይቻልም፣ የስፕላይሲንግ ፕሮቲኖቻቸው መጠን ይለያያልና።

አር ኤን ኤው ከወጣ በኋላ 1 ማይክሮግራም ያህል በዲኤንኤዝ (ዲ ኤን ኤን በሚበላ ኢንዛይም) ታጥቦ ወደ ሲዲኤንኤ (የአር ኤን ኤው የዲ ኤን ኤ ቅጂ) ይለወጣል። የንጽሕና መለኪያው የ260/280 ንባብ ወደ 2.0 ይጠጋ። ለልወጣው ከአር ኤን ኤው ጅራት ከሚጀምር ፕራይመር (ቅጂው የሚነሳበት አጭር ቁራጭ) ይልቅ በየቦታው የሚያርፉ ባለ ስድስት ፊደል ፕራይመሮች ይሻላሉ፤ የተፈጥሮው ታው መልእክት ከማቆሚያው በኋላ 4 ሺህ ያህል ፊደል ስላለው አር ኤን ኤው ትንሽ ከተሰባበረ ከጅራት የጀመረው ቅጂ ኤክሶን 10 ላይ አይደርስም። ፕራይመሮቹ በኤክሶን 9 እና 11 ላይ ሲቀመጡ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ ልዩነታቸው 93 ፊደል ነው፣ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ የአጋሮዝ ጄል ይለያቸዋል። ወደ ሲዲኤንኤ የሚለውጠው ኢንዛይም ያልገባበት መቆጣጠሪያ አይቅር፤ እዚያ መስመር ከታየ ዲ ኤን ኤ ወይም ፕላዝሚድ ቀርቷል።

ውጤቱ የሚሳሳተው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። አጭሩ ቅጂ በፒሲአር ቶሎ ስለሚባዛ ዙር ሲበዛ ሚዛኑ ወደ አጭሩ ያጋድላል፤ በ24፣ 26፣ 28 እና 30 ዙር አስኪዶ ጥምርታው የማይለዋወጥበትን መምረጥ ነው። ሦስተኛ መስመር በሁለቱ መካከል ወይም ከበላይ ቢታይ አዲስ ዓይነት ታው ተገኘ ብሎ መጮህ አይገባም፤ ረጅሙና አጭሩ ፈትል ተጣምረው የሠሩት ድቅል ነው። የመስመሩ ድምቀትም ከርዝመት ጋር ይጨምራል። ለምሳሌ 393 እና 300 ፊደል ያላቸው ሁለት መስመሮች እኩል ቢደምቁ የአጭሩ ሞለኪውል ቁጥር በ31 በመቶ ይበልጣል። ድምቀቱን በርዝመቱ ያካፍል።

በሲኩዌንሲንግ ዳታም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ኤክሶን 10ን የሚያስገባ መልእክት ሁለት መጋጠሚያ አለው (9 ከ10፣ 10 ከ11)፣ የሚዘልለው ግን አንድ (9 ከ11)። በመጀመሪያው 80፣ በሁለተኛው 100፣ በሦስተኛው 90 ንባብ ቢቆጠር የማስገቢያው አማካይ 90 ነው፤ 90 ለ180፣ 50 በመቶ። ደምሮ ያልከፈለ ተማሪ 180 ለ270 ብሎ 67 በመቶ ያወጣና «ተዛብቷል» ይላል።

ቲዲፒ-43ን በሕዋስ ውስጥ አጥፍቶ ስውር ኤክሶን ለማየት የሚፈልግ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ለስታትሚን-2 የኋላውን ፕራይመር በኤክሶን 2 ላይ ካደረገ ስውሩን አያገኝም፤ መልእክቱ ስውሩ ኤክሶን ላይ ስለሚያልቅ ፕራይመሩ በስውሩ ውስጥ ይሁን። ለዩኤንሲ13ኤ መልእክቱ ስለሚሰባበር ያነሰ ይታያል፤ ሳይክሎሄክሳማይድ ለጥቂት ሰዓታት ጨምሮ ሰባባሪውን ካላቆመው ስውሩ የለም ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ናሙና ለማቆየት ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማቀዝቀዣ ላይ ብቻ መተማመን አይበጅም፤ አር ኤን ኤሌተር በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የሳሳ ቁራጭ በ25 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት፣ በ4 ዲግሪ ለአንድ ወር ይቆያል።

ስፕላይሲንግን በሰው ነርቭ ውስጥ ማረም ይቻላል ወይ ለሚሉ ተማሪዎች፦ ይቻላል። ኑሲነርሰን የተባለው መድኃኒት ከ2016 ጀምሮ የጡንቻ መመንመን ላለባቸው ሕፃናት 12 ሚሊግራም በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ እየተሰጠ አንድ የተዘለለ ኤክሶን እንዲገባ ያደርጋል። በዚሁ ዘዴ የስታትሚን-2ን ስውር ኤክሶን መዝጋት ገና በሙከራ ላይ ነው።

ለአዛውንቱ የስፕላይሲንግ ምርመራ አይታዘዝም፣ ቢኖርም ሕክምናቸውን አይለውጥም። «ጃጅተዋል» ተብለው ከመተዋቸው በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ሌሎች ናቸው፦ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ወድቀው ከነበረ በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም። እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ። የጂን ምርመራ የሚታሰበው ሕመሙ ከ65 ዓመት በፊት ሲጀምርና በየትውልዱ ሲደጋገም ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ ወደ ሐኪም ሲሄዱ የዘር ሐረጉን ጽፈው ይያዙ፤ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ የጀመረው በመርሳት ነው፣ በጠባይ መለወጥ ወይስ በእጅ እግር መድከም። የመጨረሻው በተለይ አይዘለል፤ መርሳትና የጡንቻ መድከም በአንድ ቤት ሲገናኙ ቲዲፒ-43 ይጠረጠራል። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌ ከሐኪሙ ፎርም የተሻለ ዝርዝር አላቸው፤ እሳቸው ዘንድ ሄደው ይጠይቁ፣ «ወፈፍ አደረገው» ተብሎ የታለፈውንም ዘመድ ጭምር።